ሒሳብ ወደ ኬሚስት ደጅ የገባበት ዘመን

በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪን ለማጥናት የሚገባ ወጣት፣ ገና የቤተ ሙከራውን ሽታ ሳይለምድ ሎጋሪዝምና ካልኩለስ እንዲማር ሲታዘዝ፣ ሁለቱ ትምህርቶች ከጥንት ጀምሮ አብረው የኖሩ ሊመስሉት ይችላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ኬሚስት ለመባል ጥሩ ሚዛን፣ የሠለጠነ እጅና ከማባዛትና ከማካፈል ብዙ የማያልፍ ስሌት ይበቁ ነበር። እንዲያውም ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮንት ከ1830 ጀምሮ ባሳተመው ታላቅ ድርሰቱ፣ የኬሚስትሪን ጥያቄ በሒሳብ ለመፍታት መሞከር ከአእምሮ ሥርዓት ውጭ ነው ብሎ ፈርዶ ነበር (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

ይህን ፍርድ ያፈረሰው ስኳር ነው። በወጣትነቱ መድኃኒት ቀማሚ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቪልሄልሚ፣ አሲድ የተጨመረበት የስኳር ውሃ ቀስ በቀስ ሲለወጥ ፖላሪሜትር በተባለ የብርሃን መሣሪያ እየተከታተለ፣ በእያንዳንዱ ቅጽበት የሚለወጠው ስኳር ገና ሳይለወጥ ከቀረው ጋር የተመጣጠነ መሆኑን በ1850 በካልኩለስ ጽፎ አስረዳ። ሚዛን የሚነግረን ከለውጡ በፊት የነበረውንና ከለውጡ በኋላ የተገኘውን ነው፤ በመካከሉ የሚያልፈውን ጊዜ ግን አያውቀውም። የስኳሩ መጠን እያነሰ ሲሄድ የለውጡ ፍጥነትም አብሮት እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ግማሹ ስኳር በአንድ ሰዓት ቢያልቅ በሁለተኛው ሰዓት የሚያልቀው የቀረው ግማሽ በሙሉ ሳይሆን የግማሹ እኩሌታ ነው፤ ሎጋሪዝም የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ኬሚስቶቹ ግን ልብ አላሉትም፤ ቪልሄልሚ በ1864 ሲሞት ሥራው ተረስቶ ነበር።

በኦክስፎርድም በ1860ዎቹ ዓመታት ኦገስተስ ቨርነን ሃርኮርት የተባለው ኬሚስት የዚሁ ዓይነት ጥያቄ በገጠመው ጊዜ፣ የለካቸውን ቁጥሮች ይዞ ወደ ሒሳብ ሊቁ ወደ ዊልያም ኤሰን ሄደ፤ ያ ለካ፣ ይህ አሰላ፣ ሥራውንም በሁለቱ ስም አሳተሙት። መልካም ባልንጀርነት ነበር፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ኬሚስት አንድ ኤሰን ከየት ይገኛል?

ኬሚስቱ ቫንት ሆፍ በ1884 ስለ ኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት መጽሐፍ ካሳተመ፣ ሌላው ኬሚስት ኦስትቫልድም በ1887 ከእርሱ ጋር የፊዚካል ኬሚስትሪን መጽሔት ከመሠረተ በኋላ (የቪልሄልሚንም ስም ከመረሳት ያነሣው ይኸው ኦስትቫልድ ነው) ጥያቄው የተማሪ ሁሉ ጥያቄ ሆነ። ስለዚህም በ1895 ኬሚስቱ ቫልተር ኔርንስትና የሒሳብ ሊቁ አርቱር ሾንፍሊስ ለእነዚህ ተማሪዎች የሚሆን የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ በጀርመንኛ አወጡ።

ለእንግሊዝኛ አንባቢዎች ይህን ያደረገው ጆሴፍ ዊልያም ሜለር ነው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው እርሱን ነው። በ1869 በእንግሊዝ አገር ከድሃ ቤተሰብ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ኒውዚላንድ የተሻገረው ሜለር፣ ገና በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በጫማ ሥራ እየዋለ፣ ሌሊት በመብራት እያነበበ፣ በማታ ትምህርት ቤት አልፎ እስከ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ማንቸስተር ተልኮ በ1902 ለኬሚስትሪና ለፊዚክስ ተማሪዎች የሚሆነውን የከፍተኛ ሒሳብ መጽሐፉን አሳተመ። በእኛ አገር የባሕረ ሐሳብ ደቀ መዝሙር አበቅቴንና መጥቅዕን የሚማረው ስለ ቁጥር ፍቅር ሳይሆን ጾሙና በዓሉ የሚውሉበትን ቀን ለማወቅ እንደ ሆነ፣ ሜለርም ሒሳቡን ያስተማረው ከቁስ አካል ጠባይ እየተነሣ ነው። በወለድ ላይ ወለድ እየጨመረ የሚያድገውን ገንዘብ፣ የሚቀዘቅዘውን አካልና ከፍታ በወጣን ቁጥር የሚቀንሰውን የአየር ግፊት በአንድ ሕግ ሥር ሰብስቦ ያሳየበት ክፍል፣ በእኩል ጊዜ ውስጥ እኩል ድርሻ እንደሚለወጥ ለማስረዳት እስካሁን ካነበብሁት ሁሉ ይበልጣል። ከ500 በላይ የሆኑት ገጾቹ ለጀማሪ ከባድ መሆናቸው አይካድም፤ የልኬትን ስሕተት በፕሮባቢሊቲ እስከ መመዘን ድረስ ይዘልቃሉና።

ከጥቂት ዓመታትም በኋላ፣ በ1909፣ በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቢራ ጠማቂዎች ባቋቋሙት ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሶረንሰን ፒ ኤች የተባለውን የአሲድነት መለኪያ በሎጋሪዝም ላይ መሠረተው፤ ከዚያ ወዲያ ሎጋሪዝም የማያውቅ ሰው የሎሚን ኮምጣጣነት እንኳ በኬሚስቶች ቁጥር ሊናገር አይችልም።