የተመራማሪው ጊዜና የሰጪው ገንዘብ

በካርቱም ደቡባዊ ዳርቻ ከምትገኘው ከማዮ ተነሥተን ወደ ሰሜን ብንጓዝ፣ ጥቁር ዓባይ ዳር የካርቱም ዩኒቨርሲቲን እናገኛለን። ቦታው ቀድሞ የጎርደን ኮሌጅ ነበር። በ20ኛው ምእት ዓመት መባቻ፣ መድኃኒት አምራቹ ሄንሪ ዌልካም በለገሰው መሣሪያ የሐሩር በሽታዎች ቤተ ሙከራ የተቋቋመው በዚሁ ኮሌጅ ነው። ዲሬክተሩ አንድሩ ባልፎር የከተማው የጤና ሹምም ስለ ነበሩ ሁለት ሥራ ደርበው ይዘዋል። ቤተ ሙከራው በ1904፣ በ1906፣ በ1908 እና በ1911 (እ.ኤ.አ.) ሪፖርቶቹን አሳትሟል።

ሪፖርት የሥራውን ፍሬ ያሳያል። የሠራተኛው ጊዜ ለየትኛው ሥራ እንደ ዋለ ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በይበልጥ ያከራከረው በአሜሪካ ነው። በዚያ ብዙ ፕሮፌሰሮች ደመወዛቸው የሚታሰበው ለዘጠኝ ወር ስለሆነ፣ የክረምቱን ክፍያ ከምርምር ገንዘብ ያገኛሉ። መንግሥት በ1958 የምርምር ወጪ ደንብ አወጣ፤ በ1979 ባሻሻለው ደንብ ደግሞ የመምህሩ ጠቅላላ ሥራ በመቶኛ ተከፋፍሎ እንዲገለጽ ጠየቀ። ብዙ ምሁራን፣ ማስተማርና መመራመር በሰዓት አይለያዩም ሲሉ ተቃወሙ። በ2014 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ የአመዘጋገቡን ዘዴ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ተወላቸው፤ ይሁን እንጂ መዝገቡ በእርግጥ የተሠራውን ሥራ ማሳየት አለበት።

እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ለወባ ምርምር የተከፈለበት ክረምት ለሌላ ጉዳይ ቢውል፣ የሚጎዳው ገንዘብ ሰጪው ብቻ አይደለም፤ በማዮ ትንኝ የሚነድፈው ሕፃንም ጭምር ነው።