የሕንፃው ፕላን የት ነው?

ትናንት ተለስኖ ያደረ ግድግዳ ዛሬ ለውሃ ቧንቧ ተብሎ ሲቦረቦር ያላየ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ አይተናል። ግንበኛውም ጥፋተኛ አይደለም፣ ቧንቧ ሠራተኛውም ጥፋተኛ አይደለም። ሁለቱም በእጃቸው ያለው ወረቀት ያዘዛቸውን ነው የሠሩት። ችግሩ ሁለቱ ወረቀቶች ተዋውቀው አያውቁም። ዛሬ የምናወጋችሁ እነዚህን ወረቀቶች ለማስተዋወቅ ስለተደረገ የሃምሳ ዓመት ልፋት ነው። ወሬው የመሐንዲሶች ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን ታገሱን፣ መጨረሻው ላይ የሰው ነፍስ አለበት። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጠራቸው።)

ከወረቀቱ እንጀምር። በ1842 ጆን ኸርሼል የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በብርሃንና በኬሚካል ሥዕል መገልበጫ ዘዴ አገኘ። ግልባጩ ሰማያዊ ስለነበር «ብሉ ፕሪንት» የሚለው ስም ከዚያ መጣ። ኮምፒውተር የመጣው በኋላ ነው። በ1963 አይቫን ሰዘርላንድ በኤም.አይ.ቲ. «ስኬችፓድ» በተባለ ፕሮግራሙ ስክሪን ላይ በብርሃን እስክሪብቶ መስመር ማስመር እንደሚቻል አሳየ። በ1982 ደግሞ አውቶካድ ገበያ ላይ ዋለ፤ አርክቴክቶችም ቀስ በቀስ እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

ታዲያ ምን ተለወጠ? እውነቱን ለመናገር ብዙም አልተለወጠ። ኮምፒውተሩ ሁለት ትይዩ መስመሮችን ያያል እንጂ ግድግዳ መሆናቸውን አያውቅም። ፈጣን እርሳስ ሆነ፣ አለቀ።

ይህን ቀድሞ የነቃበት ሰው ቻርልስ ኢስትማን ይባላል። በ1974 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ ሥርዓት ነደፈ። ጥያቄው ቀላል ነበር። አንድ ግድግዳ በፕላኑ ላይ ይሳላል፣ በቁራጩ ላይ ይሳላል፣ በፊት ገጽታው ላይም ይሳላል። ግድግዳው ሲቀየር ሦስቱንም አንድ በአንድ ማረም ግድ ነው፤ አንዱ ከተረሳ ሳይት ላይ ጠብ ይነሳል። ታዲያ ለምን ሥዕሎቹን ትተን ሕንፃውን ራሱን ኮምፒውተር ውስጥ አናስቀምጥም? ሥዕሎቹን በፈለግን ጊዜ ከእሱ ማውጣት እንችላለን።

ሐሳቡ ከኮምፒውተሮቹ ቀድሞ ስለተወለደ መጠበቅ ነበረበት። በ1980ዎቹ ከወደ ቡዳፔስት፣ ያውም ከኮሚኒስት አገር፣ በ1982 የተቋቋመው ግራፊሶፍት በአርኪካድ ሶፍትዌሩ ወደ ግል ኮምፒውተር አወረደው። በ2000 ሬቪት ወጣ፤ በ2002 አውቶዴስክ በ133 ሚሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛው። አሠራሩም «ቢም» የሚል ስም አወጣ።

አሁን ችግሩ ሌላ ሆነ። የባቢሎን ግንብ ለምን ሳይጠናቀቅ እንደቀረ ታስታውሳላችሁ አይደል? ሠራተኛ ጠፍቶ አይደለም፤ ቋንቋቸው ተደባልቆ ነው። እዚህም ያው ሆነ። እያንዳንዱ የሶፍትዌር ኩባንያ ፋይሉን በራሱ ቋንቋ እየጻፈ ቋንቋውን ደበቀ። አርክቴክቱ የላከውን ስትራክቸራል መሐንዲሱ አይከፍተውም፣ የመሐንዲሱን ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ አያነበውም። በ1998 ተፎካካሪዎች የአውቶካድን ፋይል ፈትቶ ለማንበብ ብቻ ማኅበር እስከ ማቋቋም ደረሱ።

የሚያስገርመው የጋራ ቋንቋው ጥረትም የጀመረው ከአውቶዴስክ ነው። በ1994 አሥራ ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎችን ሰበሰበ፤ በዓመቱ በሩ ለሌሎችም ተከፈተ። ከዚያ የተወለደው አይ.ኤፍ.ሲ. የተባለው የጋራ ቋንቋ በ2013 ዓለም አቀፍ ደረጃ (አይ.ኤስ.ኦ. 16739) ሆነ። ዓላማው በአንዱ ሶፍትዌር ግድግዳ የተባለ በሌላውም ግድግዳ እንዲባል ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ገንዘቡን ስሙት። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) በ2004 ባወጣው ጥናት፣ ሥርዓቶቹ ባለመግባባታቸው ብቻ ዘርፉ በዓመት 15.8 ቢሊዮን ዶላር ይከስራል ብሎ ገመተ። ከዚህ ውስጥ ወደ ሁለት ሦስተኛው የሚወድቀው በአርክቴክቱም በኮንትራክተሩም ላይ አይደለም፤ ሕንፃውን ተረክበው በሚያስተዳድሩት ላይ ነው። ልብ በሉ፣ ፋይሉን የሚደብቀው ሌላ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ።

ዕዳው ግን ሁልጊዜ በዶላር አይከፈልም።

እንግሊዝ በ2011 ዕቅድ አውጥታ፣ ከ2016 ጀምሮ በማዕከላዊ መንግሥት ፕሮጀክቶች ላይ ቢምን ግዴታ አደረገች። በዓመቱ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017፣ ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር የተባለው ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ነደደ። 72 ሰዎች ሞቱ። ከነዋሪዎቹ መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ነበሩበት፤ ነገሩ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። ሕንፃው ተሠርቶ ያለቀው በ1974 ነው፤ ኢስትማን ሐሳቡን ባቀረበበት በዚያው ዓመት።

እሳቱን ያዛመተው የመረጃ እጦት ነው አንልም። በእድሳት ጊዜ ውጪው ላይ የተለጠፈው ተቀጣጣይ ሽፋን ነው። ነገር ግን በ2019 የወጣው የአጣሪው ሪፖርት አንድ ነገር አረጋገጠ፤ የእሳት አደጋ አዛዦች የሕንፃውን የውስጥ ፕላን ለረጅም ሰዓት በእጃቸው አላገኙም። በዚያ ጭስ ውስጥ ሰው ፍለጋ በሚልኩ ሰዎች እጅ ፕላኑ አልነበረም።

በ2018 ጁዲት ሃኪት ያቀረቡት የባለሙያ ሪፖርት «ወርቃማ ክር» የሚል ሐሳብ አመጣ። የሕንፃው መረጃ ከንድፉ ቀን አንስቶ ሰው እስከኖረበት ድረስ ሳይበጠስ ይቀጥል ማለት ነው። በ2022 ሕግ ሆነ። በእንግሊዝ 18 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ መኖሪያ ሕንፃ ኃላፊ ይህን መረጃ በዲጂታል መልክ መያዝና ማደስ አለበት።

እንግዲህ የሃምሳ ዓመቱ ልፋት የደረሰው እዚህ ነው። መጀመሪያ ሥዕል ለማፍጠን፣ ቀጥሎ ወጪ ለመቆጠብ፣ በመጨረሻ ሰው ለማትረፍ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ኖሮ ጥሩ ነበር።

እኛም ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ኮንዶሚኒየም የደረሰን አለን፣ አምስተኛ ፎቅ የተከራየን አለን። የኤሌክትሪክ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ፣ የትኛው ግድግዳ ጭነት እንደሚሸከም፣ ጎረቤት ሳሎን ለማስፋት ያፈረሰው የትኛውን እንደሆነ የሚያውቅ ማነው? ለዚህ የመጨረሻውን ሶፍትዌር መጠበቅ አያስፈልግም። በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ፣ ከጥበቃና ከጽዳት መዋጮው በኋላ፣ አንድ እጅ አውጥታችሁ ጠይቁልን፦ የሕንፃችን ፕላን ማን ጋ ነው?