ከጅቡቲ ከተማ ወደ ጎዳ ተራሮች፦ በአነስተኛ ወጪ የደጋ እረፍት እንዴት ይታቀዳል?

በአውሮፓ በርካታ ቤተሰቦች የክረምት እረፍታቸውን ሲያቅዱ፣ ስማቸው የገነነውን የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራዎች ትተው ብዙም የማይታወቅ ተራራ ይመርጣሉ። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ስም ያለው ስፍራ አልጋው፣ ምግቡም ሆነ መጓጓዣው ውድ ነው። ጅቡቲ ውስጥ በረዶ ባይኖርም ተመሳሳይ ስሌት አለ፤ እዚህ ተራራ የሚፈለገው ለበረዶው ሳይሆን ለነፋሻ አየሩ ነው።

በጅቡቲ ከተማ በሐምሌ ወር የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። በዚህ ላይ ካምሲን የሚባለው ደረቅና አቧራማ ነፋስ ከምዕራብ ይነሳል። ከተማዋ እአአ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ብታገኝም፣ ሌሊቱን ሙሉ ማቀዝቀዣ ከፍቶ ማደር ለብዙ ቤተሰቦች የሚቻል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ከከተማዋ ለጥቂት ቀናት መውጣት በተለይ ሕፃናትና አረጋውያን ላሉበት ቤት ቅንጦት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

የተለመዱት አማራጮች ይታወቃሉ። ቅርቡ ከከተማዋ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው አርታ ናት፤ ከፈረንሳይ ዘመን ጀምሮ አቅም ያላቸው ሰዎች ቤት የሠሩባት ስለሆነች ርካሽ ስፍራ ልትባል አትችልም። ሌሎች በባቡር ወደ ድሬዳዋ ተሻግረው ወደ ሐረር ይወጣሉ። 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐረር በአየሯ ተወዳዳሪ የላትም፤ ሆኖም ጉዞው ድንበር መሻገርን፣ ሰነድንና በየቀኑ የማይገኝ የመንገደኞች ባቡርን ጠብቆ ማቀድን ይጠይቃል።

በረዶ ካልሆነ አይሆንም የሚል ሰው ደግሞ ከአገር መውጣት ይኖርበታል። በአፍሪካ ምድር ሞሮኮ ውስጥ ከማራካሽ ከተማ በላይ የሚገኘው ኡካይመደንና የሌሶቶው አፍሪስኪ አሉ። ሌሶቶ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለሆነች በረዶዋ የሚገኘው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ነው፤ ይህም ጅቡቲ ከምትነድበት ወቅት ጋር ይገጥማል። በቱርክ ካይሴሪ ከተማ አጠገብ ያለው 3,917 ሜትር ከፍታ ያለው ኤርጂየስ ተራራም ከአልፕስ መዝናኛዎች ጋር ሲነጻጸር ስሙ ብዙ የማይነሳ ነው። በዚህ ስፖርት የእኛ አካባቢ ሰው እንግዳ አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም እአአ በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በበረዶ ላይ ሸርተቴ ተወዳድሯል። ይሁንና ከጅቡቲ ተነስቶ የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛ፣ የመንሸራተቻ ኪራይና ወፍራም ልብስ ሲደመሩ ‘ርካሽ’ የሚለው ቃል ትርጉም ያጣል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ከከተማዋ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ በሚታየው የጎዳ ተራራ ሰንሰለት ላይ ነው።

ከፍታውና ወቅቱ

ጎዳ በታጁራ ክልል የሚገኝ፣ ጫፉ ከ1,700 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ቁጥር ሰምቶ ፈገግ ሊል ይችላል፤ የሚኖርበት ከተማ ከዚህ በጣም ከፍ ያለ ነውና። ከባሕር ወለል ለሚነሳው የጅቡቲ ነዋሪ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። በጥቅሉ አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። በዚህ ስሌት አርታ ከከተማዋ አምስት ዲግሪ ገደማ፣ 1,500 ሜትር ላይ ያለው የዳይ ደን ደግሞ አሥር ዲግሪ ገደማ ይቀንሳሉ።

ይህ ስሌት ግን መታለልንም ይከላከላል። ከተማው 42 ዲግሪ በሆነበት ቀን ዳይ 32 ሊሆን ይችላል፤ እፎይታ ነው፣ ብርድ ግን አይደለም። በእውነት ደጋ የሚመስለው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው። ያን ጊዜ ከባሕሩ የሚነሳው እርጥበት ተራራው ላይ ጉም ሆኖ ያርፋል፤ ሌሊቱም ሹራብና ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል። ሙቀቱን ለመሸሽ ብቻ የሚጓዝ ሰው በበጋው ግለት መሄዱ ተገቢ ነው። በእግር መጓዝ፣ ወፍ ማየትና ገደላ ገደሉን መውረድ የሚፈልግ ግን ቀዝቃዛዎቹን ወራት ቢጠብቅ ይሻለዋል። ሁለቱን ፍላጎት በአንድ ጉዞ ለማሟላት መሞከር አብዛኛውን ጊዜ ቅር ያሰኛል።

ገንዘቡ የሚያልቀው መንገድ ላይ ነው

ወደ ታጁራ በሁለት መንገድ ይደረሳል። አንደኛው ባሕረ ሰላጤውን የሚያቋርጠው የመንገደኞችና የተሽከርካሪ ጀልባ ነው። ጉዞው ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የሚሄደው ግን በሳምንት በተወሰኑ ቀናት ስለሆነ የመሄጃውን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውን ቀን አስቀድሞ ወደቡ ላይ ማረጋገጥ ይገባል። ሁለተኛው የየብስ መንገድ ነው። ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው፣ በከባድ መኪናዎች በተጨናነቀው አውራ ጎዳና ተጉዞ ወደ ቀኝ ከታጠፈ በኋላ የጉበትን ባሕረ ሰላጤ እየዞረ ታጁራ ይገባል፤ ርዝመቱ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ ወዳለው አሳል ሐይቅ የሚወስደውን ቅያስ ያገኛል። ጠዋት የአፍሪካን ዝቅተኛ ቦታ አይቶ ማታ ተራራ ላይ ማደር የሚቻልበት አገር ብዙ የለም።

ታጁራ ራሷ ነጫጭ ቤቶችና በርካታ መስጊዶች ያሏት ጥንታዊ ወደብ ናት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እአአ በ1886 ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ ለመነሳት ወራት የጠበቀው እዚሁ ነው። ከታጁራ ወደ ራንዳ፣ ከራንዳ ደግሞ ወደ ዳይ ይወጣል። የመጨረሻው ክፍል ድንጋያማና ጠመዝማዛ ስለሆነ አራቱም ጎማው የሚጎትት ተሽከርካሪ ይፈልጋል።

የጉዞው ትልቁ ወጪም ይኸው ተሽከርካሪ ነው። መኪናውን ከነሹፌሩ ከከተማዋ ጀምሮ ለሦስት ቀን መከራየት፣ ከመኝታና ከምግቡ ድምር ሊበልጥ ይችላል። ወጪውን ለመቀነስ የተሻለው ዘዴ እስከ ታጁራ በጀልባ ወይም በሕዝብ መጓጓዣ ሄዶ፣ መኪና የሚከራዩት ለተራራው ክፍል ብቻ ማድረግ ነው፤ አራት ወይም አምስት ሰው ሆኖ ሲካፈሉት የበለጠ ይቀላል። የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር ቋሚ ምንዛሪ ስላለው፣ አንድ ዶላር በ177 ፍራንክ ከ72 ሳንቲም ገደማ ሂሳብ፣ የውጭ አገር ተጓዥ በጀቱን ቀድሞ ማስላት አይቸገርም። ተራራው ላይ ባንክ ስለሌለ ግን ገንዘቡን በጥሬው መያዝ ግድ ነው።

በጅቡቲ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሊዘነጉት የማይገባ አንድ ነገር አለ። ታጁራን አልፎ ወደ ኦቦክ የሚዘልቀው ይህ መንገድ፣ በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር የሚሞክሩ በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን የሆኑ ፍልሰተኞች በጠራራ ፀሐይ በእግር የሚጓዙበትም ነው። ለእረፍት የሚሄደውና ነፍሱን ለዕጣ የሰጠው በአንድ አስፋልት ላይ ይተላለፋሉ። በመንገዱ ላይ ፍተሻ ሊያጋጥም ስለሚችል የመኖሪያ ፈቃድን ወይም ፓስፖርትን በዋናው መያዝ ያስፈልጋል፤ ፎቶ ኮፒ ብቻውን አያስተማምንም። የጸጥታውን ሁኔታ መጠየቅም ተገቢ ነው። እአአ በጥቅምት 2022 በታጁራ ክልል በሚገኝ የጦር ሰፈር ላይ በተፈጸመ ጥቃት ሰባት ወታደሮች ተገድለዋል።

ማደሪያው

ተራራው ላይ ባለኮከብ ሆቴል የለም። በዳይና ከእርሱ ዝቅ ብላ በምትገኘው ባንኩዋሌ መንደር ያሉት የጎብኚ ሰፈሮች በአፋር ባሕላዊ ጎጆ፣ በዳቦይታ፣ አምሳያ የተሠሩ ናቸው። መጸዳጃው የጋራ፣ መብራቱ ጥቂት፣ ምግቡም ባለው የሚዘጋጅ ነው። አስተናጋጆቹ የአካባቢው አፋሮች ስለሆኑ የሚከፈለው ገንዘብ እዚያው ይቀራል። ሳይደውሉ መሄድ ግን አይመከርም፤ ምግቡ ከታጁራ ተገዝቶ የሚወጣ በመሆኑ እንግዳ መኖሩን ቀድመው ማወቅ አለባቸው።

ባንኩዋሌ ፏፏቴና ጅቡቲን ጨምሮ በሦስት አገሮች ብቻ የሚገኝ ብርቅዬ የዘንባባ ዝርያ አላት። ይሁን እንጂ ሸለቆ ናትና ደመና በታየበት ቀን በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ድንኳን መትከል አደገኛ ነው፤ ጎርፉ ከላይ ዘንቦ እታች ዝናብ ሳይጥል ሊደርስ ይችላል። ለታጁራና ለቆላው ማደሪያ አጎበር መያዝም አይረሳ። በከተሞች የምትራባውና የወባ መከላከልን ያከበደችው አኖፊሊስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እአአ በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ነው።

ጽዱና ቆቁ

ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ዳይ ሲደርስ ዛፉን ያውቀዋል። በመናገሻ ሱባ ደንና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር የሚታየው ያው የሐበሻ ጽድ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ አብዛኛው ቆሞ የደረቀ መሆኑ ነው፤ ግራጫ ግንዶች በተርታ ቆመው ይታያሉ። ለዚህ ልቅ ግጦሽ፣ የዝናብ መቀነስና የዛፍ በሽታ በምክንያትነት ይነሳሉ። በጎዳና በአጎራባቹ የማብላ ተራሮች ብቻ የሚኖረው የጅቡቲ ቆቅም በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ተመዝግቧል። ድምፁ የሚሰማው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ያለአካባቢው መሪ ግን እሱን ማግኘት ከባድ ነው።

በዚህ የተነሳ ለጉዞ የሚያዘው ዕቃ ዝርዝር ከተለመደው ጥቂት ይለያል። ደርቆ የወደቀ እንጨት እንኳ ለአእዋፍና ለአዲስ ቡቃያ መጠለያ ስለሆነ፣ ራሱን ችሎ የሚያበስል ሰው ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዞ ይውጣ። የመጠጥ ውሃም ከታጁራ ይጫን፤ በቀን ለአንድ ሰው አምስት ሊትር ቢታሰብ አይበዛም። የተራራው ምንጮች ትንሽ ናቸው፤ በቅድሚያ የሚያስፈልጉትም ለመንደሩ ሰውና ለፍየሎቹ ነው።