ወላጅ ከባድ የአእምሮ ሕመም ሲኖርበት፦ ልጆቹን እያሳደገ እንዲቀጥል ምን ድጋፍ ያስፈልገዋል?

እናት ወይም አባት በስኪዞፍሬኒያ፣ በባይፖላር ወይም በከባድ ድባቴ ሲታመሙ ዘመድ አዝማድ ቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ ብዙ ጊዜ “ልጆቹን ማን ይውሰዳቸው?” የሚል ነው። ጥያቄው ከክፋት የመነጨ አይደለም። አያት ወይም አክስት ልጅ ተቀብላ ማሳደጓ በምሥራቅ አፍሪካ የቆየ ልማድ ነው፤ ብዙ ሕፃናትንም ከችግር ታድጓል። ይሁንና ከዚያ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር ይዘለላል፦ ይህ ወላጅ ልጆቹን ማሳደጉን እንዲቀጥል ምን ይጎድለዋል?

ኢትዮጵያ በአውሮፓውያኑ 2010፣ ኬንያና ኡጋንዳ ደግሞ በ2008 ያጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ያካትታል። የስምምነቱ አንቀጽ 23 ማንኛውም ልጅ በወላጁ ጉዳት ምክንያት ብቻ ከወላጁ ሊለይ እንደማይገባ ይደነግጋል። መለየት የሚቻለው ለልጁ ጥቅም አስፈላጊ መሆኑን ሥልጣን ያለው አካል ሲወስን ነው፤ ውሳኔውም በፍርድ ቤት ሊታይ ይገባል። ይኸው አንቀጽ መንግሥታት ለእነዚህ ወላጆች በልጅ አስተዳደግ ተገቢውን እገዛ እንዲሰጡም ያስገድዳል። ከሁለቱ ድንጋጌዎች ብዙም የማይነገርለት ይህ ሁለተኛው ነው።

ከቡታጅራ የተገኘው ትምህርት

ከባድ የአእምሮ ሕመም በአብዛኛው የሚጀምረው በወጣትነት፣ ሰዎች ጎጆ በሚወጡበትና በሚወልዱበት ዕድሜ ነው። ስለ ሕመሙ በአፍሪካ ከተደረጉ ሰፊ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በቡታጅራ ነው። ከ1998 ጀምሮ ከ68 ሺህ የሚበልጡ ጎልማሶች ቤት ለቤት ተጠይቀው ሕመሙ የተገኘባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ክትትል ተደርጎላቸዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ 121ዱ ሞተዋል፤ ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ወደ ሦስት አሥርት ዓመታት በሚጠጋ ጊዜ ቀድመው እንደሚሞቱም ተመልክቷል። ስለዚህ የታመመን ወላጅ መደገፍ ማለት ሳሉንና ትኩሳቱን “የአእምሮው ነው” ብሎ አለማለፍም ነው።

በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ታማሚዎች መድኃኒት የሚያቋርጡበትን ምክንያት መርምሯል። ከምክንያቶቹ አንዱ ረኃብ ነበር። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎትን ይጨምራሉ፤ ቤት ውስጥ በቂ እህል ከሌለ ክኒኑን መዋጥ ራስን ለረኃብ ማጋለጥ ይሆናል። ያለችውን እንጀራ ለልጆቿ የምታካፍል እናት መድኃኒቷን ብታቋርጥ ስንፍና ሊባል አይችልም። እንዲህ ባለ ቤት የሕክምናው አካል ጤፍና በቆሎ ነው።

እንቅልፍም ሌላው ጉዳይ ነው። ማታ የተወሰደ መድኃኒት ጠዋት ካደነዘዘ ልጆች ቁርስ ሳይበሉ ይውላሉ፣ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። መጠኑ ወይም ሰዓቱ እንዲስተካከል፣ ወይም በወር አንድ ጊዜ የሚሰጥ መርፌ ይኖር እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል። እስከዚያው ጎረቤት ልጆቹን ትምህርት ቤት ቢያደርስ ትልቅ እገዛ ነው። ወደ ጸበል የሚሄዱ ቤተሰቦችም ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር ማስኬድ ይችላሉ፤ አደጋው መድኃኒቱን በድንገት ማቆም ነው።

እርግዝና እና የአራስነት ወራት

ቫልፕሮየት የተባለው መድኃኒት በጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ በመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች መታዘዝ እንደሌለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። መድኃኒቱን እየወሰደች ያረገዘች ሴት ግን በራሷ ውሳኔ ማቋረጥ የለባትም፤ ሳትዘገይ ሐኪም ማማከር አለባት።

ከአንድ ሺህ ወላዶች አንዷ ወይም ሁለቱ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሳይኮሲስ ይይዛቸዋል። ባይፖላር ባለባቸው ሴቶች ግን አደጋው ከአምስት አንድ ገደማ ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይጀምራል። እንቅልፍ ማጣት፣ መደናገር፣ ስለ ሕፃኑ እንግዳ ነገር ማመን ምልክቶቹ ናቸው። “ብርድ መታት” ተብሎ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። አራሷንና ሕፃኑን ብቻቸውን ሳይተዉ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አራስን የመጠየቅና የማረስ ባህል ራሱ አቅም ይሆናል፤ ሌሊት ሕፃኑን ተቀብሎ እናቲቱን ማስተኛት ባይፖላር ላለባት ሴት ገንፎ ከማብላት ያላነሰ ዋጋ አለው።

ልጆቹ ምን ይነገራቸው?

ልጆች ያልተነገራቸውን ነገር በራሳቸው ግምት ይሞላሉ፤ ግምታቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ “በእኔ ጥፋት ነው” የሚል ነው። “እማዬ ታማለች፤ አንተ ያደረግከው ነገር የለም፤ ሐኪም እያያት ነው” የሚሉ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ለትንሽ ልጅ ይበቃሉ። ከፍ ያሉት የሚፈሩት መውረስን ነው። በስኪዞፍሬኒያ ከታመመ አንድ ወላጅ ከተወለዱ አሥር ልጆች ዘጠኙ ገደማ በሕመሙ አይያዙም። በትምህርት ቤት “የእብድ ልጅ” የሚለውን ስድብ ማስቆም ግን የመምህራን ሥራ ነው።

በሶዶ ወረዳና አካባቢው ተካሂዶ በ2022 የታተመ ሙከራ እንዳሳየው፣ በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሰጠው ክትትል በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው ያነሰ ውጤት አላሳየም። ሕክምናው ወደ ቀበሌው ሲቀርብ ወላጅ ለቀጠሮ ልጆቹን ጥሎ ሩቅ አይሄድም። በፊንላንድ የጤና ተቋማት አዋቂ ታማሚን ሲያክሙ የልጆቹን ሁኔታ እንዲያጤኑ በሕግ ይገደዳሉ። ጤና ጣቢያ ካርድ የሚያወጣ ሠራተኛም “ልጆች አሉዎት? አሁን ከማን ጋር ናቸው?” ብሎ ለመጠየቅ የተለየ በጀት አያስፈልገውም።

ወላጁ ደኅና በሆነበት ወቅት ለክፉ ቀን የሚሆን ስምምነት ቢጻፍ ይመረጣል፦ ሕመሙ ሲነሳ የሚታዩት ምልክቶች፣ ቤት መጥቶ የሚያድር ሰው፣ መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ልጆቹ ሮጠው የሚሄዱበት ቤት። ስምምነቱ ወላጁ ሲሻለው የሚሆነውንም መያዝ አለበት። ልጆቹን የወሰደችው አክስት በመጀመሪያ ለምሳ ታመጣቸዋለች፣ ቀጥሎ ቅዳሜና እሑድ ያድራሉ፣ ከዚያም ደብተራቸውን ይዘው ይመለሳሉ።