ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ቁጥር የማን ነው? ከቀብር አስፈጻሚው ፈጠራ እስከ ሐሰተኛው የባይደን ድምፅ

ሪያድ ያለች እህታችሁ ትደውላለች። ስልኩ ላይ የሚታየው ግን የሳዑዲ ቁጥር ሳይሆን በ09 የሚጀምር የማታውቁት የሀገር ቤት ቁጥር ነው። "አንቺ፣ መች መጣሽ?" ብላችሁ የጠየቃችሁበት ቀን ይኖራል። ምክንያቱ ሲም ቦክስ ነው። ጥሪዋ በኢንተርኔት ተሻግሮ ብዙ ሲም ካርድ የተሰካበት ሳጥን ላይ ያርፋል፤ ሳጥኑ ደግሞ በራሱ ሲም ወደ እናንተ ይደውላል። የዓለም አቀፍ ጥሪ ክፍያ በዚህ መንገድ ይታለፋል። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የወጣው ይህን መሰሉን ሥራ ለመቅጣት ነው።

ብዙዎቻችን ስቀንበት እናልፈዋለን። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ የመጣው ቁጥር የደዋዩ ለመሆኑ ማን ዋስ ሆነን? እውነቱን ለመናገር፣ ማንም። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት በሽታው ወደ ጠናባት ወደ አሜሪካ መሄድ ያስፈልጋል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያው ዘመን ስልክ የሚያገናኘው ሰው ነበር። ማዞሪያ ቤት የተቀመጠችው ኦፕሬተር ገመድ እየነቀለች ትሰካለች። ከተማው ትንሽ ከሆነ የደዋዩን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ማን ማንን እንደፈለገም ታውቃለች። በካንሳስ ሲቲ አልሞን ስትሮውጀር የሚባል ቀብር አስፈጻሚ ነበር። እንደሚተረከው የተፎካካሪው ሚስት ኦፕሬተር ስለነበረች፣ ሰው ሞቶበት የሚደውለውን ደንበኛ ሁሉ ወደ ባሏ ታዞርበት ነበር። ታሪኩ ተጋኖ ሊሆን ይችላል። የማያጠራጥረው ግን ሰውየው በ1891 ያለ ኦፕሬተር የሚሠራ አውቶማቲክ ማዞሪያ የባለቤትነት መብት ማግኘቱና በቀጣዩ ዓመት ማዞሪያው ኢንዲያና ውስጥ ላ ፖርት በተባለች ከተማ ሥራ መጀመሩ ነው።

ስትሮውጀር አድሏዊዋን ኦፕሬተር አስወገደ። ነገር ግን ከእሷ ጋር "የደወለው እገሌ ነው" ማለት የሚችለው ምስክርም አብሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ስልክ ሲጮህ ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከተነሣ በኋላ ነበር።

የደዋይን ቁጥር የሚያሳየው አገልግሎት አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ቁጥሩ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጩኸት መካከል በድምፅ ምልክት ይላካል፤ ተቀባዩ ዘንድ ያለችው ትንሽ መሣሪያ ትፈታዋለች። የሚገርመው በጊዜው የተነሣው ክርክር ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1990 አገልግሎቱ የግዛቱን የስልክ ጠለፋ ሕግ ይጥሳል ተባለ። ሰው የተጨነቀው ደዋዩ ሳይፈልግ ማንነቱ እንዳይገለጥ ነበር። ቁጥሩ ራሱ ሊዋሽ ይችላል የሚለው ጥያቄ ገና ሩቅ ነው።

እንዴት ይዋሻል? ቁጥሩን የሚጽፈው ጥሪውን የሚልከው ወገን ነው። ተቀባዩ ኩባንያ ያንን ተቀብሎ ያሳያል እንጂ አይመረምርም። አሠራሩ ሲዘረጋ በመረቡ ላይ የነበሩት ጥቂት የሚተዋወቁ ኩባንያዎች ስለነበሩ መተማመኑ በቂ ነበር። ቁጥር መቀየርም ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም። ብዙ መስመር ያለው ሆስፒታል ከየትኛውም ክፍል ቢደወል ዋናው ቁጥር እንዲታይ ይፈልጋል። በ2000ዎቹ የኢንተርኔት ስልክ ሲመጣ ግን ይህ ሥልጣን ኮምፒውተር ላለው ሁሉ ደረሰ። ፖስታ ላይ የላኪ አድራሻ እንደመጻፍ ነው፤ የፈለግከውን ትጽፋለህ።

የተቀዳ ድምፅ እያሰማ በራሱ የሚደውለው ማሽን፣ አሜሪካውያን ሮቦኮል የሚሉት፣ ከዚህ በፊትም ነበረ። ሴናተር ፍሪትዝ ሆሊንግስ ክፉኛ ካማረሩት አንዱ ነበሩ፤ በ1991ም የሚገድበው ሕግ ወጣ። በ2003 "አትደውሉልኝ" የሚል ሁሉ ቁጥሩን የሚያስመዘግብበት መዝገብ ተከፈተ። ሕጋዊው ነጋዴ መዝገቡን አከበረ። አጭበርባሪው ግን መዝገብ አያነብም! የተኮረጀ ቁጥርና ማሽኑ ሲገናኙ ደግሞ ጉዳዩ ከመነዝነዝ አለፈ።

አድሪያን አብራሞቪች የተባለው የፍሎሪዳ ነጋዴ በ2016 መጨረሻ በሦስት ወር ውስጥ 96 ሚሊዮን ገደማ ጥሪ አስደወለ። ዘዴው ቀላል ነበር። የሚታየው ቁጥር የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች ከተቀባዩ ቁጥር ጋር እንዲመሳሰሉ ያደርጋል፤ ሰውየው "የሰፈሬ ሰው ነው" ብሎ ያነሣል። የተቀዳው ድምፅ የታወቁ የጉዞና የሆቴል ድርጅቶችን ስም ይጠራል፤ ቁጥር የተጫነ ሰው ግን የሚገናኘው ከእነሱ ጋር ምንም ግንኙነት ከሌላቸው ሻጮች ጋር ነው። የጥሪው ብዛት የሕክምና ባለሙያዎች አስቸኳይ መልእክት የሚቀበሉበትን አገልግሎት ሳይቀር አውኳል። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2018 120 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው።

ቅጣት መጣል ሌላ፣ ማስከፈል ሌላ። ዎል ስትሪት ጆርናል በ2019 እንደዘገበው ኮሚሽኑ ከ2015 ጀምሮ በእንዲህ ዓይነት ደዋዮች ላይ ከጣለው 208 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቅጣት የሰበሰበው 6,790 ዶላር ብቻ ነበር። ሚሊዮን የሚል ቃል አልረሳሁም፤ ስድስት ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ከቅጣት ወደ ቴክኒክ ዞረ። በ2019 መጨረሻ በወጣ ሕግ መሠረት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከሰኔ 2021 ጀምሮ በኢንተርኔት መስመራቸው በሚያልፍ ጥሪ ላይ ዲጂታል ፊርማ እንዲያኖሩ ተገደዱ። ላኪው ኩባንያ "ይህን ደንበኛ አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩም የእሱ ነው" ብሎ ይፈርማል፤ ካላወቀው ዝቅ ያለ ደረጃ ይሰጣል። የጠፋችው ኦፕሬተር በሌላ መልክ ተመለሰች ማለት ነው። ክፍተቱ ግን ብዙ ነው። አሮጌው መስመር ፊርማውን አያስተላልፍም፤ ከውጭ ሀገር በሚገባው ጥሪ ላይም የሚፈርመው ኩባንያ ከየት እንደተቀበለው እንጂ ማን እንደደወለ አያውቅም።

በጥር 2024 በኒው ሃምፕሸር የምርጫ ዋዜማ የፕሬዚዳንት ባይደን ድምፅ "አትምረጡ" እያለ ሕዝቡ ጋ ደወለ። ድምፁ በኤአይ የተሠራ ነው፤ የሚታየው ቁጥር ደግሞ የአንዲት የቀድሞ የፓርቲው የግዛቱ ሊቀመንበር ነበር። ያስደወለው የፖለቲካ አማካሪ 6 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ በወንጀል ተከሶ ግን በ2025 ነፃ ወጣ። አሁን ቁጥሩም ድምፁም ምስክር መሆን አቃታቸው።

እኛ ዘንድ "ከባንክ ነው የምደውለው፣ የመጣልሽን ኮድ ንገሪኝ" የሚለው ሰው በእናቶቻችን ላይ የሚሠራው በዚሁ ክፍተት ነው። "አሰላሙ ዐለይኩም" ብሎ ይጀምራል፣ ስማቸውን ይጠራል። ዘግቶ፣ ከባንኩ ደብተር ወይም ካርድ ላይ ያለውን ቁጥር ራስ መትቶ መደወል የሚያዋጣው ለዚህ ነው። አጭበርባሪው የሚኮርጀው ሲወጣ የሚታየውን ቁጥር ነው፤ እናንተ ስትደውሉ ግን ጥሪው የሚደርሰው ለትክክለኛው ባለቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ባመለጣቸው ጥሪ መልሰው የደወሉ ሰዎች ምንም የማያውቅ ጎረቤት ያገኙ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ እሱም "እኔ አልደወልኩም" ይላል፣ አይታመንም።

የሪያዷ እህታችሁም እንደዚያው ናት። በ09 ወደመጣው ቁጥር መልሳችሁ ብትደውሉ እሷን አታገኙም።