ከረቂቁ የተሰረዘችው ተሳፋሪ

አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1960 ከኒውዮርክ በስተምሥራቅ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ከምትገኘው ከሳግ ሃርበር ተነሥቶ አገሩን ሊዞር ወጣ። የ58 ዓመት ሰው ነበር። የሚነዳው የመኝታ ጎጆ የተጫነበት አረንጓዴ ፒክአፕ ሲሆን፣ ከጎኑ የተቀመጠው ቻርሊ የሚባለው ውሻው ነው። ዙሩ 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ፈጀ። የጉዞው መጽሐፍ በ1962 ታትሞ ወዲያው ገበያውን ያዘ፤ በዚያው ዓመትም ደራሲው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። መኪናቸው ውስጥ እያደሩ ብቻቸውን ወደ አሜሪካ ምዕራብ የሚነዱ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት ይህንኑ መጽሐፍ ነው።

ይሁንና ስታይንቤክ በምዕራቡ አገር በእርግጥ ብቻውን የነዳው ዋናው መንገድ ከቺካጎ እስከ ሲያትል ያለው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ብቸኝነት አብዛኛው ጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ነው።

ባልዲና ጠመንጃ

ለመውጣት ምክንያት ነበረው። በ1939 ባሳተመው «ዘ ግሬፕስ ኦቭ ራዝ» በድርቅና በዕዳ ከመሬታቸው ተፈናቅለው ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱትን የኦክላሆማ ገበሬዎች መከራ ጽፎ የፑሊትዘርን ሽልማት አግኝቷል። በ1960 ግን ኑሮው ኒውዮርክ ነው፤ ስለ አሜሪካ የሚጽፈው ከትዝታ ነው። በ1959 መጨረሻ በጠና ታሞ ነበርና ቤተሰቡም ሐኪሙም አርፈህ ተቀመጥ አሉት። እንደ በሽተኛ መጠበቅን ጠላና መኪና አዘዘ።

መኪናው ጂኤምሲ ነው። ጎጆው ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋ፣ አራት ድስት በአንዴ የሚጥድ የቡታጋዝ ምድጃ፣ ማሞቂያና ፍሪጅ አለው። ልብስ የሚያጥብበትም ዘዴ ነበረው። ክዳን ያለው ትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ካለው መስቀያ ላይ በላስቲክ ገመድ ያንጠለጥላል፤ የቆሸሸ ልብስ፣ ሙቅ ውኃና የዱቄት ሳሙና ይጨምርበትና መንገዱን ይቀጥላል። ጉድጓዱና ኩርባው ሲንጠው ይውላል፤ መኪናው ሲቆም ማለቅለቅና ማስጣት ብቻ ይቀራል።

ጠመንጃና የዓሣ ማጥመጃ ዘንግም ጭኗል፤ ምክንያቱ ግን አደን አልነበረም። ብቻውን ያለ ጉዳይ የሚዞር ሽማግሌ ሰው ያጠራጥራል፤ «አደን ልወጣ ነው» ካለ ግን ማንም ሁለተኛ አይጠይቀውም። ለማያውቀው ሰው ቡና አፍልቶ ወይ ውስኪ ቀድቶ ጎጆው ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱ ይመጣል። ስሙን ያወቀበት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሚዙሪን ከተሻገሩ በኋላ

በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ሕግ 66 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሆን የፈጣን መንገድ መረብ እንዲሠራ አዝዞ ነበር። ስታይንቤክ ይህ መንገድ ሲያልቅ አንድ ሰው ከኒውዮርክ ካሊፎርኒያ ድረስ ምንም ሳያይ መድረስ ይችላል ብሎ ይሰጋል። በሰሜን ዳኮታ በኩል ያለፈው በአሮጌው ዩኤስ 10 ነው፤ በዚያ መንገድ ምዕራቡ የሚጀምርበት ቦታ በዓይን ይታያል። ቢስማርክ ከተማ አጠገብ የሚዙሪ ወንዝ አለ። በምሥራቅ ዳርቻው የታረሰ መሬትና የምሥራቁ ሣር ሲሆን፣ ድልድዩን ተሻግሮ ማንዳን ሲደርስ ግን ቡናማ፣ በውኃ የተቦረቦረ ደረቅ አገር ይገጥመዋል። የአሜሪካ ካርታ መታጠፍ ያለበት እዚህ ላይ ነው ባይ ነው። ቀጥሎ የባድላንድስ የሸክላ ገደሎች ይመጣሉ፤ በቀትር ሲያያቸው አስፈሩት፤ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀይና ቢጫ ሲሆኑለት ግን ወደዳቸው።

ሞንታና ስትደርስ የመጽሐፉ ቃና ይለወጣል። ለሌሎቹ ግዛቶች አክብሮት አለኝ፣ ለሞንታና ግን ፍቅር ነው የያዘኝ ይላል። በቢሊንግስ ባርኔጣ፣ በሊቪንግስተን ጃኬት፣ በቢውት ደግሞ ብዙም የማያስፈልገውን ጠመንጃ ገዛ። ጄኔራል ካስተር ከሁለት መቶ ከሚበልጡ ወታደሮቹ ጋር በላኮታና በሻየን ነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች እጅ ያለቀበትን፣ የ1876ቱን የሊትል ቢግሆርን ጦር ሜዳም ቆሞ አየ። የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ግን ብዙ አልቆየም። ቻርሊ በሕይወቱ ድብ አይቶ አያውቅም፤ ያን ዕለት ሲያይ ያ ጨዋ ውሻ በመስኮት ልዝለል እያለ አበደ፤ ጌታውም መኪናውን አዙሮ ወጣ።

ታዲያ ይህን ሁሉ አገር ያለፈው በስንት ጊዜ ነው? በጥቂት ቀናት ብቻ። ቺካጎ ላይ ሚስቱ ኢሌን በአውሮፕላን መጥታ ሆቴል ውስጥ አብረው ሰነበቱ። ከዚያ ከተለያዩ በኋላ እስከ ሲያትል ያለውን ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ እያበረረ ነው የነዳው፤ ባደረበት ሁሉም ለእሷ ደብዳቤ ይጽፋል። ሲያትል ላይ ኢሌን እንደገና ተቀላቀለችው።

ደብዳቤው ያጋለጠው

ደብዳቤዎቹ ደራሲው ከሞተ በኋላ በ1975 ታትመዋል። ይሁን እንጂ ከመጽሐፉ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ በትጋት የመረመራቸው ቢል ስታይገርዋልድ የሚባል ጡረታ የወጣ የፒትስበርግ ጋዜጠኛ ነው። በ2010፣ ልክ በሃምሳኛ ዓመቱ፣ የስታይንቤክን መንገድ በራሱ መኪና ተከተለ። መጽሐፉ ስታይንቤክ በሰሜን ዳኮታ፣ አሊስ በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ከአንድ ዘዋሪ የሼክስፒር ተዋናይ ጋር ሲጨዋወት እንደነበር ይተርካል። ኦክቶበር 12 ቀን ለኢሌን የጻፈው ደብዳቤ ግን የተላከው ከቢች ነው። ቢች በግዛቱ ምዕራብ ጫፍ፣ ከአሊስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች፤ ያደረውም ሞቴል ውስጥ ነበር። ሁለቱ ታሪኮች አንድ ቀን ውስጥ አይገቡም።

ከዚህ የሚብሰው ኒውዮርክ፣ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባለው የእጅ ጽሑፍ ላይ ይገኛል። በመጀመሪያው ረቂቅ ኢሌን አለች። ከሲያትል ተነሥተው የፓሲፊክን ዳርቻ እየተከተሉ ሲወርዱ ከባሏ ጎን ተቀምጣለች፤ የሚያርፉትም ደህና ደህና ሆቴሎች ውስጥ ነው። በታተመው መጽሐፍ ግን ከዚህ መንገድ ላይ ተነቅላ ወጥታለች። ስለዚህ በኦሪገን ዝናብ ጎማ ፈንድቶ ደራሲው ጭቃ ላይ ተኝቶ ሲቀይር፣ በዕለተ እሑድ ፊቱ የማያምር ጎሚስታ ዘመዱን ቀስቅሶ አዲስ ጎማ ሲያስመጣለት፣ የሬድውድ ዛፎች ሥር ዝም ብሎ ሲቆም፣ አንባቢ የሚያየው አንድ ሰውና አንድ ውሻ ብቻ ነው። ከካሊፎርኒያ ወደ ምሥራቅ ሲመለስም አንድ የድሮ ጓደኛው እስከ አሪዞና አብሮት ተሳፍሮ ነበር፤ እሱም በመጽሐፉ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

የመጽሐፉ አሳታሚ በ2012 ባወጣው የሃምሳኛ ዓመት እትም መግቢያ ላይ፣ ሥራው የልቦለድ ጸሐፊ እጅ ያለበት ስለሆነ ቃል በቃል እንዳይወሰድ አንባቢን አስጠንቅቋል።

ሳንቾ የሌለው ዶን ኪሆቴ

ኢሌን ለምን ተሰረዘች? መልሱ መኪናው ላይ የተጻፈ ይመስለኛል። ስታይንቤክ ፒክአፑን «ሮሲናንቴ» ብሎ ነው የጠራው፤ የሰርቫንቴስ ዶን ኪሆቴ የሚጋልበው ከሲታ ፈረስ ስም ነው። ከሚስቱ ጋር ሆቴል ለሆቴል የሚዞር ሰው እረፍት ላይ ነው፤ ብቻውን በፈረሱ የወጣ ግን ተልዕኮ ላይ ነው። ስታይንቤክ የፈለገው ሁለተኛውን ነው። ዳሩ ግን የሰርቫንቴስ ባላባት ራሱ ብቻውን ብዙ አልዘለቀም፤ የመጀመሪያው መውጣቱ በድብደባ አልቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ሁለተኛ ሲወጣ አሽከሩን ሳንቾን አስከተለ፤ መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገውም የሁለቱ ክርክር ነው። ስታይንቤክ ፈረሱን ወሰደና ሳንቾን ሰረዘ፤ ክርክሩንም ለውሻው አሸከመው።

የመጽሐፉ ብርቱ ምዕራፍ ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው። ኖቬምበር 14 ቀን 1960 የስድስት ዓመቷ ጥቁር ሕፃን ሩቢ ብሪጅስ በፌዴራል ፖሊሶች ታጅባ ኒው ኦርሊየንስ ውስጥ ነጮች ብቻ ይማሩበት ወደነበረ ትምህርት ቤት ገባች። በየጠዋቱ ነጭ እናቶች ተሰብስበው ይሰድቧታል። ስታይንቤክ መኪናውን አቁሞ በታክሲ ሄደና በሰዉ መካከል ተጋፍቶ አየ። ስድቡን እንዳለ ጽፎት ነበር፤ ስድቡን የሰረዘው ደግሞ አሳታሚው ነው። እንዲያም ሆኖ በዚያ ገጽ ላይ ያለው ቁጣ አልጠፋም።

በምዕራቡ ብቻውን በሆነባቸው ቀናት የሆነው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ይታይ። የወደዳትን ሞንታናን በሩጫ አለፋት፤ ባደረበት ሁሉ የሚያስበው ደብዳቤውን ነው። ብቸኝነት መንገዱን አላረዘመለትም፤ አሳጠረው። መጽሐፉን ይዞ ብቻውን ወደዚያ አገር ለሚነዳ ሰው ከስታይንቤክ የሚጠቅመው ትምህርት ቡናውና ውስኪው ነው፦ መኪናን ማቆም፣ ሰውን ማስቀመጥ፣ ማስወራት።