ባለቤት የሌለው ሀብት፦ የፍልሰተኛ አዕዋፍ ጥበቃና የመንግሥት ገንዘብ ታሪክ በሰሜን አሜሪካ

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል የአበው ብሂል። ፍልሰተኛ ወፍ ግን የሚከበርም ሆነ የሚናቅ ባለቤት የለውም። በካናዳ ረግረግ ተፈልፍሎ፣ የአሜሪካን ሜዳ አቋርጦ፣ የብርዱን ወራት በሜክሲኮ ሐይቅ ዳር ወይም በአርጀንቲና የእርሻ መሬት የሚያሳልፍ ፍጡር የየትኛው አገር ንብረት ነው? ከዚህም የሚከብደው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ለጥበቃው የሚያስፈልገውን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? የሚል ነው። የሰሜን አሜሪካ መንግሥታት ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያገኙለት በአንድ ትውልድ ዘመን ውስጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክራቸው ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ የዚሁኑ ክርክር ታሪክ ባጭሩ ይመረምራል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ ገንዘቡን የቀደመበት ዘመን

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ አዕዋፍ በሁለት ወገን ይጠፉ ነበር። በአንድ በኩል የከተማ ሥጋ ሻጮችን የሚቀልቡ ነጋዴ አዳኞች፣ በሌላ በኩል ደግሞ ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ የሚሆን ላባ የሚሰበስቡ ሰዎች የወፎቹን ጎጆ ሳይቀር ባዶ ያስቀሩት ነበር። ቀድሞ በሰማይ ሲያልፍ ፀሐይን ይጋርዳል ይባልለት የነበረው «ፓሴንጀር ፒጅን» የተባለው የዱር ርግብ ዘር የመጨረሻዋ ወፍ ማርታ መስከረም 1 ቀን 1914 በሲንሲናቲ የአራዊት ማቆያ ሞተች። በቢሊዮኖች ይቆጠር የነበረ ዘር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ማለቁ ለሕዝቡም ለመንግሥቱም ታላቅ ድንጋጤ ሆነ።

ይሁን እንጂ መንግሥት ሕግ ለማውጣት የፈጠነውን ያህል ገንዘብ ለማውጣት አልፈጠነም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የፔሊካን አይላንድ ታሪክ ነው። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት መጋቢት 14 ቀን 1903 በፍሎሪዳ ጠረፍ የምትገኘውን ይህችን ትንሽ ደሴት የመጀመሪያዋ የፌዴራል የአዕዋፍ መጠለያ እንድትሆን አወጁ። ሆኖም ኮንግሬስ ለጥበቃው በጀት አልያዘም ነበርና፣ ፖል ክሮጀል የተባለው የመጀመሪያው ጠባቂ በወር አንድ ዶላር ይከፈለው የነበረው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ሳይሆን ከአዕዋፍ ወዳጆች ማኅበር ነበር። አዋጁ የመንግሥት፣ ደመወዙ የማኅበር መሆኑ ነው።

ቀጥሎም በ1913 ኮንግሬስ የፍልሰተኛ አዕዋፍን አደን በፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ሥር የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ይሁን እንጂ በወቅቱ የዱር እንስሳት የየክፍለ ግዛቱ ንብረት ናቸው ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ የበታች ፍርድ ቤቶች ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ሲሉ ፈረዱ። መንግሥትም ሌላ ዘዴ ፈለገ። ነሐሴ 16 ቀን 1916 ካናዳን ከምትወክለው ከታላቋ ብሪታንያ ጋር የአዕዋፍ ጥበቃ ውል ተፈራረመ። ካናዳ በ1917፣ አሜሪካም በ1918 ውሉን በሥራ ላይ የሚያውል ሕግ አወጡ። የሚዙሪ ክፍለ ግዛት ይህንኑ ተቃውሞ ቢከስም፣ በ1920 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ አማካይነት ለፌዴራል መንግሥቱ ፈረደ። የዳኛው ሐሳብ ባጭሩ ሲገለጽ፣ ትናንት ገና ያልደረሰ፣ ነገም ከድንበር ማዶ ሊገኝ የሚችል ወፍ የአንድ ክፍለ ግዛት ንብረት ነው ለማለት አይቻልም፤ ጉዳዩም መንግሥታት ተባብረው ካልያዙት በቀር የማይፈጸም ነው የሚል ነበር።

በዚህ ፍርድ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አገኘ። ወፉ የማንም ባለመሆኑ የሁሉም ኃላፊነት ሆነ። ነገር ግን ሕጉ አዳኙን ይከለክል እንጂ ረግረጉን ከመድረቅ አያድንም ነበር። ጥይት ያልነካው ዳክዬ የሚያርፍበት ውሃ ሲያጣ ያው መጥፋቱ አልቀረም።

የአንድ ዶላር ቴምብር

በ1929 ኮንግሬስ መንግሥት ለአዕዋፍ መጠለያ የሚሆን መሬት እንዲገዛ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ ግዥውን የሚያጸድቅ ኮሚሽንም አቋቋመ። ሕጉ ግን ቋሚ የገቢ ምንጭ አልነበረውም። በዚያው ዓመት ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ደረሰ፤ ተከትሎም ድርቅና የአቧራ ማዕበል የመካከለኛውን አሜሪካ ሜዳ መታው። ሥራ አጡ በሚሊዮን በሚቆጠርበት ወቅት ለዳክዬ ገንዘብ መጠየቅ እንደ ቅንጦት የሚታይ ነበር።

በ1934 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ቶማስ ቤክ፣ አልዶ ሊዮፖልድና ጄይ ዳርሊንግ የሚገኙበት የጥናት ኮሚቴ አቋቋሙ። ዳርሊንግ «ዲንግ» በተባለ የብዕር ስሙ የታወቀ የጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። መጋቢት 16 ቀን 1934 የጸደቀው ሕግም ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው የውሃ ወፍ አዳኝ ሁሉ በየዓመቱ አንድ የፌዴራል ቴምብር እንዲገዛ አዘዘ። የመጀመሪያውን ቴምብር ሥዕል ያዘጋጀው ዳርሊንግ ራሱ ነበር። ዋጋው አንድ ዶላር ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት ከ635,000 በላይ ተሸጠ።

የዚህ ዘዴ ጥበብ ያለው በቀላልነቱ ነው። ገንዘቡ ከጠቅላላው ሕዝብ ሳይሆን በቀጥታ ከተጠቃሚው ይሰበሰባል፤ ወደ ጠቅላላው ግምጃ ቤት ገብቶ አይቀላቀልም፤ ለተወሰነ ዓላማ በልዩ ሒሳብ ይቀመጣል። ስለዚህም የበጀት ክርክር በተነሣ ቁጥር አይናጋም። ዋጋው በ1949 ወደ 2 ዶላር፣ በ1991 ወደ 15 ዶላር፣ በ2015 ደግሞ ወደ 25 ዶላር ከፍ ብሏል። ከጊዜ ብዛት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ፣ ወደ 6 ሚሊዮን ኤክር የሚደርስ መሬት ተጠብቆበታል።

የቴምብሩ ገቢ ግን አዝጋሚ ነበር። ገበሬዎች ረግረጉን እያጠነፈፉ ወደ እርሻ መለወጣቸው ከመንግሥት ግዥ ይልቅ ይፈጥን ነበርና፣ በ1961 ኮንግሬስ ወደፊት ከሚሰበሰበው የቴምብር ገቢ የሚመለስ ብድር ፈቀደ። ዛሬ ካልተገዛ ነገ የሚገዛ ረግረግ አይኖርም የሚለው ክርክር አሸንፎ ነበር። ብድሩም በ1986 ተሠረዘ።

ገንዘቡ ድንበር ሲሻገር

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ አንድ ታላቅ ጉድለት ነበረበት። በቴምብር የተሰበሰበው ገንዘብ የሚውለው በአሜሪካ ምድር ላይ ነበር። ዳክዬዎቹ ደግሞ በብዛት የሚራቡት በካናዳ የሣር ሜዳ በሚገኙት ኩሬዎች ነው። አሜሪካ የሆቴሉን አልጋ እያነጠፈች የማዋለጃውን ክፍል የዘነጋች ያህል ነበር። በ1937 «ዳክስ አንሊሚትድ» የተባለው ድርጅት የተመሠረተውም ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነው። ከአሜሪካ አዳኞች መዋጮ እየሰበሰበ በካናዳ ረግረጎችን ማልማት ጀመረ። መንግሥት ያልተሻገረውን ድንበር ማኅበር ተሻገረው።

መንግሥታቱ በበኩላቸው በውል ረገድ ወደ ፊት ሄደዋል። አሜሪካ በ1936 ከሜክሲኮ፣ በ1972 ከጃፓን፣ በ1976 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የአዕዋፍ ጥበቃ ውሎችን ተፈራርማለች። ከ1955 ጀምሮም የአሜሪካና የካናዳ መንግሥታት ባለሙያዎች በየዓመቱ በትንንሽ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ የሚራቡትን ዳክዬዎች ይቆጥራሉ። ይህ ቆጠራ ራሱ የመንግሥት ገንዘብ ካፈራቸው ታላላቅ ፍሬዎች አንዱ ነው፤ የሚጠፋውን ነገር መጠን ያላወቀ መንግሥት ማዳኛውን ሊተምን አይችልምና።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በድርቅና በእርሻ መስፋፋት ምክንያት የዳክዬዎቹ ቁጥር እጅግ ማሽቆልቆሉን ያሳየው ይኸው ቆጠራ ነው። በመሆኑም በ1986 አሜሪካና ካናዳ የሰሜን አሜሪካ የውሃ አዕዋፍ አስተዳደር ዕቅድን ተፈራረሙ፤ ሜክሲኮም በ1994 ተጨመረች። ዕቅዱ የ1970ዎቹን የአዕዋፍ ብዛት ለመመለስ ያለመ ነበር። ያለ ገንዘብ ግን ዕቅድ ወረቀት ነውና፣ በ1989 የሰሜን አሜሪካ ረግረግ መሬቶች ጥበቃ ሕግ ወጣ።

ይህ ሕግ ሁለት አዳዲስ ሐሳቦችን ይዟል። አንደኛው፣ የአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ በካናዳና በሜክሲኮ ምድር ላይ እንዲውል በግልጽ መፍቀዱ ነው። ሁለተኛው፣ እርዳታ ጠያቂው ከመንግሥት ለሚያገኘው ለእያንዳንዱ ዶላር ቢያንስ አንድ ዶላር ከሌላ ምንጭ እንዲያቀርብ ማስገደዱ ነው። ኮንግሬስ ከሚመድበው በጀት በተጨማሪ፣ የአዕዋፍ ሕግን ተላልፈው የተቀጡ ሰዎች የሚከፍሉት መቀጮና በ1937ቱ ሕግ መሠረት ከጦር መሣሪያና ከጥይት ቀረጥ የሚሰበሰበው ገንዘብ የሚያስገኘው ወለድ ለዚሁ ዓላማ እንዲውል ተደርጓል።

የትንንሾቹ ወፎች ተራ

ዳክዬ አዳኝ አለው፤ አዳኙም ቴምብር ይገዛል። ጫካ ውስጥ የምትዘምር አሥር ግራም የማትሞላ ወፍ ግን ማን ይከፍልላታል? ከሰሜን አሜሪካ ተነሥተው ወደ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ የሚፈልሱት በመቶ የሚቆጠሩ የአዕዋፍ ዓይነቶች ለረጅም ጊዜ የራሳቸው የገንዘብ ምንጭ አልነበራቸውም።

የችግሩን ዓይነት በግልጽ ያሳየው የስዌንሰን ጭልፊት አሳዛኝ ታሪክ ነው። ይህ ጭልፊት በሰሜን አሜሪካ ይራባል፤ የብርዱን ወራት ደግሞ በአርጀንቲና ያሳልፋል። ተመራማሪዎች በጭልፊቶች ላይ የሳተላይት ምልክት ሰጪ መሣሪያ አስረው ሲከታተሉ፣ ላ ፓምፓ በተባለው ክፍለ ሀገር የእርሻ መሬት ላይ ሬሳቸው ተበታትኖ አገኙ። ገበሬዎች ፌንጣ ለማጥፋት ሞኖክሮቶፎስ የተባለ ፀረ ተባይ መድኃኒት ይረጩ ነበር፤ ጭልፊቶቹ ደግሞ ፌንጣውን ይበሉ ነበር። በ1995–96 ወቅት ብቻ ወደ 20,000 የሚሆኑ እንደሞቱ ይገመታል። የአርጀንቲና ባለሥልጣኖች፣ የሰሜን አሜሪካ ባለሙያዎች፣ ገበሬዎችና የመድኃኒቱ አምራች ከተመካከሩ በኋላ በመድኃኒቱ ላይ ገደብ ተጣለ፤ እልቂቱም በሚቀጥሉት ዓመታት በእጅጉ ቀነሰ። በአገር ቤት የተደረገ ጥበቃ ሁሉ በሌላ አገር በአንድ የርጭት ወቅት ከንቱ ሊሆን እንደሚችል፣ በጊዜው የዋለ መጠነኛ ገንዘብና ምክክርም ብዙ እንደሚያድን ይህ ማስረጃ ሆነ።

በ2000 የወጣው የፍልሰተኛ አዕዋፍ ጥበቃ ሕግ የተወለደው እንደዚህ ያለ ትምህርት በተቀሰመበት ዘመን ነው። ሕጉ በዓመት እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ የፈቀደ ሲሆን፣ ከገንዘቡ ቢያንስ 75 በመቶው ከአሜሪካ ውጭ እንዲውል ደነገገ። በአንጻሩ ለአንድ የፌዴራል ዶላር ሦስት ዶላር ከሌላ ምንጭ እንዲቀርብ አዘዘ፤ በላቲን አሜሪካና በካሪቢያን ለሚካሄዱት ሥራዎች ግን ድርሻው በጉልበትም ሆነ በዓይነት ሊቀርብ ይችላል። በ2002 የመጀመሪያዎቹ እርዳታዎች ተሰጡ። ይሁን እንጂ የተፈቀደውና የተመደበው ገንዘብ አንድ እንዳልሆነ የበጀት ሰው ሁሉ ያውቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተመደበው ከጣሪያው በታች ነበር። ከ2010 በኋላም የሕጉ የገንዘብ ፈቃድ ጊዜ አልፎበት ለብዙ ዓመታት ከበጀት ወደ በጀት እየተንጠለጠለ ቆየ። በ2024 ሕጉ ሲታደስ ጣሪያው ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል፣ የሚጠየቀውም ድርሻ ወደ ሁለት ለአንድ ዝቅ እንዲል ተደረገ። ሦስት እጥፍ ማቅረብ ለድሆች አገሮች ማኅበራት ከባድ ሸክም ሆኖ በመገኘቱ ነው።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት የዚህን ሁሉ ታሪክ ውጤት በቁጥር አስቀምጦታል። ከ1970 ወዲህ በአሜሪካና በካናዳ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ አዕዋፍ ጠፍተዋል፤ ይህም ከጠቅላላው 29 በመቶ ያህል ነው። የሣር ሜዳ አዕዋፍ ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል። ዳክዬና ዝይን የሚያጠቃልሉት የውሃ አዕዋፍ ግን በ56 በመቶ ጨምረዋል። በርግጥ ለዚህ ዝናሙም፣ የአደን ቁጥጥሩም የየበኩላቸውን አስተዋጽኦ አድርገዋል። የሆነ ሆኖ ቋሚ የገንዘብ ምንጭ፣ ድንበር ተሻጋሪ ዕቅድና ያልተቋረጠ ቆጠራ ያገኙት ወፎች ሲበዙ፣ ሦስቱንም ያጡት ማነሳቸው በአጋጣሚ ብቻ የሚተረጎም አይደለም።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ የሚሰጠው ገንዘብ የሚመለከተው የምዕራቡን ንፍቀ ክበብ ብቻ ቢሆንም፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በበኩላቸው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎች፣ ሽመላዎችና የባሕር ዳር ወፎች የብርዱን ወራት የሚያሳልፉባቸው ናቸው። ኢትዮጵያ በ2010 የፍልሰተኛ የዱር እንስሳት ስምምነት እና የአፍሪካና ዩሬዥያ የውሃ አዕዋፍ ስምምነት አባል ሆናለች። በእነዚህ ስምምነቶች ሥር የጽሕፈት ቤቱ ወጪ ከአባል መንግሥታት መዋጮ የሚሸፈን ሲሆን፣ በየሐይቁ ዳር ለሚሠራው ሥራ የሚውለው ገንዘብ ግን በአብዛኛው በበጎ ፈቃድ በሚሰጥ እርዳታ ላይ የተመሠረተ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሰሜን አሜሪካ ከ1916 እስከ 1934 ድረስ የቆየችበት ደረጃ፣ ማለትም ውል ኖሮ ቋሚ ገንዘብ የሌለበት ዘመን፣ በዚህኛው የበረራ መሥመር ገና አላበቃም።

የፔሊካን አይላንዱ ጠባቂ በወር አንድ ዶላር እየተቀበለ ደሴቷን በጀልባ ይዞር በነበረበት ጊዜ ሥራው የሚቀጥለው በእርሱ ትጋትና በማኅበርተኞች መዋጮ ነበር። ትጋቱ ደሴቷን አድኗል። አህጉርን ለማዳን ግን አልበቃም፤ ለዚያ ያስፈለገው በየዓመቱ የማይለመን፣ ወፉን ተከትሎ ድንበር የሚሻገር ገንዘብ ነበር።